13ቢ በ1.4 ባር ቡስት ላይ ኃይል ጣለ፦ ሞተር ከመውረዱ በፊት ምን ምን ይለካ?

ሶስት_ጎን (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ1993 ማዝዳ አርኤክስ-7 (ኤፍዲ የሚባለው ሞዴል) ነው። ሞተሩ 13ቢ-አርኢደብልዩ (በፒስተን ፈንታ ሁለት ባለ ሦስት ጎን ሮተሮች የሚዞሩበት ሮተሪ ወይም ዋንከል ሞተር)፣ የፋብሪካው ጥንድ ቱርቦ ወጥቶ አንድ ትልቅ ቱርቦ ገብቶለታል፤ ኢሲዩውም (የሞተሩ ኮምፒውተር) ተቀይሯል። ፕራይመሪ ኢንጀክተሮቹ (ነዳጅ መርጫዎቹ) 850 ሲሲ፣ ሰከንደሪዎቹ 1600 ሲሲ ናቸው። ታንክ ውስጥ አንድ ባለ 255 (ሊትር በሰዓት) የነዳጅ ፓምፕ አለ። ቤንዚኑ 93 ኦክቴን፣ በሊትር 10 ሚሊ ሊትር የቱ-ስትሮክ ዘይት ተቀላቅሎበታል። ቡስቱ (ቱርቦው የሚጨምረው የአየር ግፊት) 1.4 ባር።

በአራተኛ ማርሽ ሙሉ ጋዝ ላይ 6,800 ዙር አካባቢ ድንገት ኃይል ጣለ። የተሰማ ማንኳኳት የለም፣ የወለቀ ቱቦም የለም። ከዚያ ወዲህ አይድል ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ጋዝ ካልተረገጠ ይጠፋል፣ ሞቆ ከጠፋ ለመነሳት ያስቸግራል። ሎጉ (የኢሲዩው መዝገብ) ላይ እስከ 6,300 ዙር ዋይድባንዱ (የአየርና ነዳጅ ጥምርታ መለኪያው) 11.3 ያነባል፣ ከዚያ ወደ 12.2 ይወጣል፣ ኃይሉ ሲጠፋ ደግሞ 15ን ያልፋል።

ቦቢና ነው ወይስ አፔክስ ሲል (የሮተሩ ጥግ ላይ ያለው ማሸጊያ)? ሞተር ከማውረዴ በፊት በምን ላረጋግጥ?

ጋሽ_ዋንከል

ለማስነሳት ብለህ አትታገለው። የተሰበረ ሲል ካለ ቁራጩ በዞረ ቁጥር ሃውዚንጉን (ሮተሩ የሚዞርበትን ቤት) ይፍቃል። መውጫው የጭስ በሩ ስለሆነ ቀጥሎ የሚያርፈው ተርባይኑ ላይ ነው። ለልኬት የሚሆን አምስት ስድስት ሰከንድ ሞተሪኖ ይበቃል።

ሎጉ ላይ 15 የሚለውን እርሳው፣ እሱ መዘዙ እንጂ መነሻው አይደለም። ሲል ሲሰበር የዚያ ክፍል ድብልቅ ሳይቃጠል ይወጣል፤ ዋይድባንድ የሚያነበው ኦክስጅንን ስለሆነ ያልተቃጠለውን አየር ሲያገኝ «ቤንዚን አንሷል» ይልሃል። ካንዴላ ሳይተኩስ ሲቀርም ያው ነው። የሚጠቅምህ ከዚያ በፊት ከ11.3 ወደ 12.2 የሄደበት ቅጽበት ነው። በዚያ ሰዓት የነዳጅ ግፊቱ፣ ቡስቱና የመግቢያ አየሩ ሙቀት ስንት እንደነበሩ አውጣ።

አሁን ኮምፕሬሽን። የነዳጅ ፓምፑን ሪሌና የቦቢናዎቹን ሶኬት ንቀል። ባትሪው ላይ ቻርጀር አያይዝ። በምትለካው ሮተር ላይ አንድ ካንዴላ ብቻ ይውጣ፤ ሌላውን ካወጣኸው ግፊቱ በዚያ ያመልጣል። በሌላኛው ሮተር ላይ ግን አንዱን አውጥተህ ሞተሪኖውን አቅልለት። የጋዝ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይረገጥ። የሚነሳ ሞተር ሙቅ እያለ ይለካል፤ የማይነሳ ከሆነ በቀዝቃዛው ለክተህ ቀዝቃዛ መሆኑን ጻፍ።

የሮተሪ መለኪያ ካገኘህ የሮተሩን ሦስቱንም ፊት ከሞተሪኖው ዙር ጋር ለየብቻ ይሰጥሃል። ካላገኘህ ተራው የፒስተን ጌጅ ይሠራል፣ ግን ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችውን የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ፈትተህ አውጣት። እሷ ካለች ጌጁ የሚያሳይህ ከሦስቱ ፊቶች የተሻለውን ብቻ ስለሆነ አንድ ጤነኛ ፊት ሁለት የሞቱትን ይሸፍንልሃል። ቫልቯ ስትወጣ መርፌው መዝለል ይጀምራል። በስልክ በዝግታ ቅረጸው፤ በ250 ዙር በሰከንድ አራት ያህል ዝላይ ታያለህ፣ እያንዳንዱ ሦስት ዝላይ አንድ የሮተር ዙር ነው። በዚህ ዘዴ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ስለሚነበብ እኩል መሆን አለመሆኑን ብቻ ፍረድበት።

የፋብሪካው ልክ በ250 ዙር 690 ኪሎፓስካል ነው። ከ590 በታች ከወረደ፣ ወይም በአንድ ሮተር ፊቶች መካከል ከ150 በላይ ልዩነት ካለ ሞተሩ አልቋል ማለት ነው።

አነባበቡ እንዲህ ነው። አንድ አፔክስ ሲል የሁለት ክፍሎች የጋራ ግድግዳ ነው። እሱ ሲሰበር ሁለት ተከታታይ ፊቶች ይወድቃሉ፣ ሦስተኛው ይተርፋል። የወደቀው አንድ ፊት ብቻ ከሆነ ሳይድ ሲል (የጎን ማሸጊያ) ወይም ኮርነር ሲል (የጥግ ማሸጊያ) ጠርጥር፤ ካርቦን ይዞት ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቆም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም እኩል ከወረዱ ሞተሩን ከመክሰስህ በፊት ባትሪውን እይ፣ ቀጥሎም ቤንዚን ዘይቱን አጥቦት እንደሆነ። ለዚህ በካንዴላው ቀዳዳ 10 ሚሊ ሊትር ያህል የሞተር ዘይት ጨምረህ በእጅ ሁለት ሦስቴ አዙርና ድገመው። የታጠበ ሞተር ይነሳል፤ የተሰበረ ሲል ግን በዘይት አይሸፈንም።

ዴንቨር_13ቢ

ጋሼ ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ ከፍታ ላይ ላለን አንድ ነገር ልጨምር። 690 የሚለው ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 83 በመቶ ያህል ነው፤ ጤነኛ ሞተር 575 አካባቢ ቢያነብ አይደንግጣችሁ፣ የ590ው ዝቅተኛ ልክም ወደ 490 ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ማባዣው 0.76 ያህል ስለሆነ 690ው ወደ 525 ይጠጋል። ያልተስተካከለ ቁጥር አይተው ጤነኛ ሞተር የሚያወርዱ ሰዎች አሉ።

የሞተሪኖው ዙርም እንደዚያው ነው። 200 ዙር ላይ የተለካን ከ250 ጋር አታወዳድሩ። ዙሩ ያልተጻፈበት የኮምፕሬሽን ውጤት ይዞ መኪና ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ካለ እንዳልተለካ ቁጠሩት።

ሶስት_ጎን

በሮተሪ መለኪያ ተለካ። ቀዝቃዛ፣ 255 ዙር፣ ከባሕር ጠለል ብዙም የማይርቅ ቦታ።

የፊተኛው ሮተር፦ 650፣ 640፣ 655።
የኋለኛው ሮተር፦ 600፣ 260፣ 240።

ዘይት ተጨምሮ ሲደገም የኋለኛው 620፣ 270፣ 245 ሆነ።

ቁሽኔታ_ቤት

ሁለት ወድቀው አንዱ ተርፏል፣ ዘይትም አላነሳቸውም። የኋለኛው ሮተር አንድ አፔክስ ሲል ተሰብሯል። የቀረው በዓይን ማየት ነው።

ቦሮስኮፕ (ቀጭን የመመልከቻ ካሜራ) በሊዲንጉ (ቀድሞ በሚተኩሰው ካንዴላ) ቀዳዳ አስገባ። የትሬሊንጉ (ዘግይቶ የሚተኩሰው) ቀዳዳ ሃውዚንጉ ላይ ሲደርስ ስለሚጠብ ብዙ አያሳይህም። የፊት ፑሊው ቡሎን ላይ ቁልፍ 19 አድርገህ ከፊት ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ በዝግታ አዙር። ሻፍቱ ሦስት ጊዜ ሲዞር ሮተሩ አንድ ጊዜ ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ ሦስት ሙሉ ዙር ካላዞርክ ሦስቱንም ፊት አላየህም። ሃውዚንጉ ላይ ወደ መዞሪያው አቅጣጫ የተሳበ ቀጭን መስመር፣ የተላጠ ክሮም ወይም ሮተሩ ላይ በመዶሻ ጫፍ የተመታ የሚመስል ጉድጓድ ፈልግ።

ከዚያ ቱርቦውንና ማኒፎልዱን አውርድ፤ ሞተሩ ከወረደም መውረዳቸው ስለማይቀር ሥራው አይባክንም። በጭስ በሩ በኩል እያንዳንዱ ሲል ፊት ለፊትህ ሲደርስ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ዘንግ ጫን አድርገው። ጤነኛው ይገባና በስፕሪንጉ ተመልሶ ይገፋሃል። የተጣበቀው አይንቀሳቀስም፣ የተሰበረው ዘንጉን ጫፍና ጫፉ ላይ ስታደርገው ለየብቻ ይወዛወዛል። ብረት አትጠቀም።

ተርባይኑንም አብረህ እይ። የቅጠሎቹ መግቢያ ጠርዝ ላይ ጥርስ የመሰለ ቁራሽ ከጎደለ ሲሉ በዚያ አልፏል።

ቱርቦ_ዱባይ

ሲል ነው በሚለው እስማማለሁ። ግን «ሲል ተሰበረ» ምርመራ አይደለም። በራሱ የሚሰበር አፔክስ ሲል አላውቅም፤ ድንገት በቡስት ላይ ከተሰበረ ከመቶው ዘጠናው ዲቶኔሽን (ድብልቁ በራሱ መፈንዳቱ) ነው። ምክንያቱን ሳታገኝ አዲስ ሞተር ከሠራህ በዚያው ዙር ላይ በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ሮተሪ ላይ ዲቶኔሽን በጆሮ አይሰማም። ፒስተን ሞተር ለሳምንታት እያንኳኳ ሊያስጠነቅቅህ ይችላል፤ 13ቢ በ1.4 ባር ጥቂት ምት ይበቃዋል። እሳቱ ወደ ሮተሩ መዞሪያ አቅጣጫ ይሮጣል፣ ሳይቃጠል የሚቆየው ድብልቅ ከክፍሉ ኋላ ይጨመቃል። እዚያ በራሱ ሲፈነዳ የሚመታው ኋላ ያለውን ሲል ነው፤ ሲሉ ደግሞ 2 ሚሜ ውፍረት ብቻ ነው ያለው።

እነዚህን መልስልኝ፦ የካንዴላው ሙቀት ቁጥር ስንት ነው? የፋብሪካው ሊዲንግ ቢዩአር7ኢኪው፣ ትሬሊንጉ ቢዩአር9ኢኪው ነው፣ በኤንጂኬ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው ይቀዘቅዛል። ባለ 7 ሊዲንግ በ1.4 ባር የጋለ ፍም ነው፣ ቦቢናው ሳያዝዘው ያቀጣጥላል። በዚያ ቡስት ላይ ሊዲንጉ ስንት ዲግሪ ነው፣ ስፕሊቱስ (የሊዲንጉና የትሬሊንጉ ተኩስ ልዩነት)? የመግቢያ አየሩስ? እኛ ጋ በሐምሌ ያለ ጥሩ ኢንተርኩለር 70 ዲግሪ ማየት ቀላል ነው፣ ያኔ 98 ኦክቴኑም አያድንም።

ሶስት_ጎን

አራቱም ካንዴላዎች ባለ 9 ናቸው። በ1.4 ባር ሊዲንጉ 13 ዲግሪ፣ ስፕሊቱም 13። የመግቢያ አየሩ 48 ዲግሪ። ቡስቱ 1.38 ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ዘሎ አያውቅም።

የነዳጅ ግፊቱ ሎግ ላይ አለ። ያለ ቡስት 3.0 ባር ነው። 5,000 ዙር ላይ 4.35፣ 6,000 ላይ 4.25፣ 6,700 ላይ 3.9።

ኤኤፍአር_ንግሥት

ይኸው፣ ቁጥሩ ራሱ ተናገረ። ሬጉሌተሩ (የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው) ቡስቱን አንድ ለአንድ የሚከተል ከሆነ 3.0 እና 1.38 ሲደመሩ 4.38 መሆን ነበረበት። 6,700 ላይ 3.9 ብቻ ነው፤ ከዚያ ላይ ቡስቱ ሲቀነስ ኢንጀክተሩን የሚገፋው ግፊት 2.52 ነው። ፍሰት የሚሄደው በግፊቱ ስኩዌር ሩት ስለሆነ 2.52 ለ3.0 ሲካፈል 0.84፣ ስኩዌር ሩቱ 0.917። ኢሲዩው ሳያውቀው ከ8 በመቶ በላይ ነዳጅ ጎድሏል። 11.3 ለ0.917 ሲካፈል 12.3፤ ሎግህ 12.2 ብሏል። ሌላ ጥፋተኛ መፈለግ አያስፈልግም።

የግራፉ ቅርጽም ይናገራል። የሬጉሌተሩ የቡስት ቱቦ ወልቆ ወይም ተሰንጥቆ ቢሆን ኖሮ ግፊቱ ገና ቡስት ሲጀምር ከመከተል ይቀር ነበር። አንተ ጋ መጀመሪያ በደንብ ተከትሏል፣ የወረደው ዙሩና ፍጆታው ሲጨምር ነው። ይህ የአቅም ማነስ ነው፤ ፓምፕ፣ ሽቦ ወይም ፊልተር።

ሞተሩ ባይሠራም መለየት ትችላለህ። የሬጉሌተሩን የቡስት ቱቦ ነቅለህ በእጅ ፓምፕ 1.4 ባር ስጠው። የመመለሻ ቱቦውን ወደ መለኪያ ጀሪካን አዙር። ባትሪው ላይ ጠንካራ ቻርጀር አያይዘህ ፓምፑን ለ30 ሰከንድ አስነሳ። ፓምፑ አሁን 4.4 ባር ላይ እየሠራ ነው። ወደ 500 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ 13ቢ በሰዓት 200 ሊትር አካባቢ ይጠጣል፣ ስለዚህ በ30 ሰከንድ ቢያንስ 1.7 ሊትር መምጣት አለበት፤ 2 ቢሆን ይሻላል። እየሮጠ እያለ ቮልቴጁን ታንኩ ላይ፣ እፓምፑ ሶኬት ድረስ ሄደህ ለካ፤ ባትሪው ላይ አይደለም። ቀጥሎ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ፓምፑ ፖዘቲቭ፣ ከፓምፑ ነጌቲቭ እስከ ባትሪው ነጌቲቭ ለየብቻ ለካ፤ የጠፋው ቮልት በየትኛው ወገን እንዳለ ያሳይሃል። ፊልተሩን ለመለየት ከፊቱና ከኋላው ግፊት ለካ።

ውጭ ሆነህ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብህ፣ ባትሪ ቻርጀሩ ከቤንዚኑ ርቆ። ይህን በዝግ ጋራዥ የሚሞክር ሰው ባይሞክረው ይሻላል።

በነገራችን ላይ 255 የሚለው ስም በዝቅተኛ ግፊትና በሙሉ ቮልቴጅ ያለ ቁጥር ነው። 4.4 ባር ላይ ያው ፓምፕ 200ን ለመሙላት ይቸገራል፤ ቮልቴጅ ሲጎድልበት ደግሞ ጭራሽ።

ጋሽ_ዋንከል

እህቴ የሠራችውን ሂሳብ ማንም አያፈርሰውም። ሁለት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ ዋይድባንዱ ከሁለቱ ሮተሮች የተደባለቀ ጭስ ነው የሚያነበው። 12.2 ሲል የፊተኛው 11.7፣ የኋለኛው 12.7 ሊሆን ይችላል። የኋለኛው ለምን ቀደመ ለሚለው መልሱ ኢንጀክተሮቹ ውስጥ ሊኖር ይችላልና አራቱንም አስፈትሽ፤ በአንድ ግፊትና በአንድ ጊዜ ልዩነታቸው ከ2 እና 3 በመቶ በላይ ከሆነ እንዳትመልሳቸው። ወደፊትም በእያንዳንዱ የጭስ በር አንድ አንድ የሙቀት ሴንሰር ይኑር። ከ950 ዲግሪ በላይ የሚሄድ ካለ፣ ወይም ሁለቱ ከተራራቁ፣ ዋይድባንዱ የደበቀውን እሱ ያሳይሃል።

ሁለተኛ፣ 13 ዲግሪ ያልከው ኢሲዩው የሚያስበው 13 ነው። ኢሲዩው ውስጥ ታይሚንጉን በ5 ዲግሪ ከሙት ነጥብ በኋላ ቆልፈህ፣ በታይሚንግ ላይት ፑሊው ላይ ያለው የሊዲንግ ምልክት ከፒኑ ጋር መግጠሙን አረጋግጥ። 6 ዲግሪ የተዛባ ትሪገር (የሻፍቱን ቦታ ለኢሲዩው የሚነግረው ሴንሰር) ያለው ሰው ስክሪኑ ላይ 13 እያነበበ በ19 ይነዳል። ሞተሩን ዙር ጨምረህም ምልክቱ እንደማይሸሽ እይ። ትሬሊንግ 1 እና 2 ገመዳቸው ተቀያይሮ እንደሆነም ተመልከት፤ አይድል ላይ ስለማይታወቅ ብዙ ሰው ያልፈዋል።

ገና_ተማሪ

ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። የኔ ጥያቄ ትንሽ ይለያል፦ ነጭ ጭስና የውሃ መቀነስ ቢኖርስ? ያም አይድል ላይ ያንቀጠቅጣል።

ቁሽኔታ_ቤት

ያ የውሃ ሲል ነው፣ አሠራሩ ሌላ ነው። ጠዋት ሲነሳ አንድ ሮተር ብቻ ይሠራል፣ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ከደቂቃ በኋላ ይስተካከላል። ኤፍዲ ላይ የውሃ ማስጠንቀቂያው ጩኸት ቶሎ ቶሎ ይነሳል። ማታ ሲስተሙን በራዲያተር ፓምፕ ከክዳኑ ግፊት ሳታሳልፍ ሞልተህ ተወው፤ ጠዋት ካንዴላዎቹን አውጥተህ ሞተሪኖውን ስታዞር ከአንዱ ቀዳዳ የውሃ ብናኝ ከወጣ ተገኘ። ሰማያዊውን የጭስ መፈተሻ ፈሳሽ ውሃው መሙያ ላይ ስታደርገው ቢጫ ከሆነም እንደዚሁ። በከፍተኛ ቡስት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሙቀት ነው፤ የፋብሪካው ማራገቢያ የሚነሳው 105 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ ኢሲዩ የቀየረ ሰው ዝቅ ያድርገው።

ኮምፕሬሽኑ በውሃ ሲል ምክንያት እንደዚህ ሁለት በአንድ አይወድቅም።

ሶስት_ጎን

የፓምፑ ውጤት፦ ባትሪው ላይ 13.6፣ ፓምፑ ላይ 11.1 ቮልት። ፖዘቲቩ መስመር ላይ 1.6፣ ግራውንዱ ላይ 0.9 ይጠፋል። በ30 ሰከንድ 1.25 ሊትር። ፊልተሩ ላይ ያለው ልዩነት ከ0.1 ባር አይበልጥም።

በጭስ በሩ ሲታይ የኋለኛው ሮተር አንድ ሲል ጥጉ ላይ ተሰብሯል። ተርባይኑ ላይ ሁለት ቅጠሎች ጠርዛቸው ጎድሏል። ሞተሩ ይወርዳል። ስፈታ ምን ምን ልመልከት?

ኤኤፍአር_ንግሥት

1.25 ሊትር በ30 ሰከንድ ማለት በሰዓት 150 ነው። 50 ሊትር ያህል አጥሮታል፣ ግፊቱ የወረደው ለዚህ ነው። የፋብሪካው የፓምፕ ሽቦ ለፋብሪካው ፓምፕ ነው የተሠራው፤ በዚያ ላይ ኤፍዲ ፓምፑን በዝቅተኛ ጭነት የሚያዘገይ ሬዚስተርና ሪሌ አለው፣ ግንኙነቱ ሲያረጅ እዚያም ቮልት ይጠፋል።

ጋሽ_ዋንከል

ስትፈታ ምንም ነገር አታጥብ፣ መጀመሪያ ፎቶ አንሳ። የሮተሩ ፊት ላይ ያለው ካርቦን ማስረጃ ነው። ዲቶኔሽን የበላው ቦታ ካርቦኑ ተራግፎ ብረቱ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። የፊተኛው ሮተር ላይ የዚህ ምልክት ካለ እሱም በመንገድ ላይ ነበር ማለት ነው። ዘይት አጥቶ የሞተ ሞተር ሌላ መልክ አለው፦ ሲሎቹ በሙሉ እኩል ተበልተዋል፣ ሃውዚንጉ ላይ የሞገድ መስመር አለ፣ የተሰበረ ግን የለም። የዘይት ፊልተሩን ቆርጠህ ክፈት፤ መዳብ ከታየ የሮተር ቁሽኔታ ሄዷል፣ ያ የራሱ ምርመራ ይፈልጋል።

ሮተሩን ሳትለካ አትጣለው፣ አትመልሰውም። አዲስ ሲል ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተህ በስፔሶሜትር ክፍተቱን እይ፤ ከ0.15 ሚሜ በላይ ከሆነ አበቃለት። በሦስቱም ጥግ፣ በሁለቱም ጫፍና በመሀል ለካ፤ ዲቶኔሽን ጉድጓዱን በአንድ ጫፍ ብቻ ሊከፍተው ይችላል። ሳይድ ሲሉ ከኮርነር ሲሉ ጋር ያለው ክፍተት ከ0.05 እስከ 0.15 ይሁን፣ 0.4 ከደረሰ ይለወጣል። የጎን ብረቶቹ ጥመት ከ0.04፣ የሲል መንገዱ እርከን ከ0.10 ሚሜ አይበልጥ። የተፋቀውን ሃውዚንግ በጥፍርህ ሳበው፤ ጥፍር ከያዘ አትሟገት፣ ተካው።

የኋለኛውን ብረት በዘይት ፊልተሩ መቀመጫ በኩል ያለውን የዶወል (የማያያዣ ፒን) አካባቢ አጽድተህ በስንጥቅ ማሳያ ቀለም ፈትሽ። 500 ፈረስ ካለፉ በኋላ መላው ሞተር ይጠመዘዛል፤ ጥምዘዛውን የሚሸከመው ዶወል በዙሪያው ያለውን የብረት ግድግዳ ይሰነጥቃል። ከላይ የሚያስታውቀው ፊልተሩ ሥር የማይደርቅ የዘይት ዝቃጭ ነው። ስንጥቁ ካለ ብየዳ አትሞክር።

ሻፍቱ ውስጥ ያለችውን የሙቀት ቫልቭ አውጥተህ በድፍን ቡሎን ተካት። እሷ ስታረጅ ለሮተሮቹ የሚረጨው የማቀዝቀዣ ዘይት ያንሳል። ሲገጣጠም የሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንቅስቃሴ ከ0.04 እስከ 0.07 ሚሜ ይሁን። የነዳጅ መስመሩ ላይ ያለችውን የግፊት ማርገቢያም እንዳትረሳ፤ ኤፍዲ ላይ እያፈሰሰች መኪና ያቃጠለች ናት፣ ሞተሩ ወርዶ እያለ ካልተለወጠች ሌላ ጊዜ እጅ አይገባላትም።

ቱርቦ_ዱባይ

ሲሉን ሲለውጥ ለስላሳውን ብረት ቢያስገባስ? ሲመታ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ታጥፎ ኮምፕሬሽን ይወርድ ይሆናል፣ ግን ሃውዚንግና ቱርቦ ይተርፋሉ።

ጋሽ_ዋንከል

ይተርፋሉ፤ በምትኩ ግን ሃውዚንጉን ቀስ ብሎ ይበላዋል፣ ዘይት በትንሹ ሲያጥረው ደግሞ ይብሳል። በየዓመቱ ለሚፈታ የድራግ ሞተር እስማማለሁ። መንገድ ላይ ለሚውል የፋብሪካውን ሲል አስገብቼ ነዳጁን አስተካክላለሁ። ወፍራሙን የ3 ሚሜ ሲል የሚያነሳም አይጠፋም፤ እሱ የሮተሩን ጉድጓድ ማስቆረጥ ይጠይቃል፣ ሲከብድም በከፍተኛ ዙር ሃውዚንጉን ይበልጥ ይጫናል።

ቱርቦ_ዱባይ

እዚህ ላይ አንስማማም ጋሼ። የእርስዎ መንገድ ነዳጁ መቼም አይጎድልም ብሎ ይነሳል፤ ሴንሰርም ይበላሻል፣ ፓምፕም ይደክማል።

ሶስት_ጎን

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ቱርቦውስ ይመለሳል? የፓምፑን ሽቦ በምን ልለውጠው?

ቁሽኔታ_ቤት

ጠርዙ የጎደለ ተርባይን ሚዛኑን ስቷል፤ እንዳለ ከመለስከው ቁሽኔታውንና የዘይት ሲሉን ይበላል። ዊሉ ተለውጦ፣ መሀሉ ተፈትቶ፣ በማሽን ባላንስ ከተደረገ ይመለሳል። ዌስትጌቱንም (የቱርቦውን ቡስት የሚገድበውን በር) ፈትተህ እይ፣ ቁራጭ መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ቡስቱ እንዳይያዝ ያደርጋል። የመግቢያ ማኒፎልዱንም እስከ ኢንተርኩለሩ ድረስ እጠብ፤ ሞተሩ ሲጠፋና ሲነሳ ደቃቁ ስብርባሪ ወደ መግቢያ በሩም ይመለሳል፣ በአዲሱ ሞተር የመጀመሪያ ዙር ላይ ይገባል።

ኤኤፍአር_ንግሥት

ሽቦው 6 ስኩዌር ሚሜ፣ ከባትሪው ቀጥታ፣ ባትሪው አጠገብ 30 አምፔር ፊውዝ፣ ታንኩ አጠገብ 40 አምፔር ሪሌ። የድሮው የፓምፕ ሽቦ ሪሌውን ማዘዣ ብቻ ይሁን። ግራውንዱ ቀለም በተፋቀ የሻሲ ብረት ላይ፣ በዚያው ውፍረት። ፓምፑን በሁለት አድርግ፣ ወይም ከ300 ሊትር በላይ የሆነ አንድ ፓምፕ አስገባ፤ ትልቅ ፓምፕ ካስገባህ ፊውዙንና ሽቦውን በሚስበው አምፔር መጠን አሳድግ።

ኢሲዩው ውስጥ ደግሞ ከነዳጅ ግፊቱ ላይ ቡስቱን የሚቀንስ ስሌት ክፈት። ቡስቱ ከ0.5 ባር በላይ ሆኖ ልዩነቱ ከ2.7 በታች ለ0.1 ሰከንድ ከቆየ ይቁረጥ፤ ነዳጅ ሳይሆን መጀመሪያ ብልጭታውን። ነዳጅ መጀመሪያ ከቆረጠ በዚያች ቅጽበት ድብልቁ ቀጥኖ የምትፈራውን ራሱ ያመጣል።

አዲሱ ሞተር ኮምፕሬሽኑ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ይነበባል፣ ሲሎቹ እስኪላመዱ። በ500 ኪሎ ሜትርና በ1,500 ኪሎ ሜትር ለካ፣ ቁጥሩን ከዙሩና ከሙቀቱ ጋር እዚሁ ለጥፍልን። ከዚያ በፊት ቡስት የለም። ቡስት ስትጀምርም በዌስትጌቱ ስፕሪንግ ልክ ብቻ ጀምር፣ እየጨመርክ ስትሄድ የልዩነት ግፊቱ መስመር እስከ መጨረሻው ዙር 3.0 ላይ ተኝቶ መቆየቱን በየሎጉ እይ።

ሶስት_ጎን

ተቀብያለሁ። ኢንጀክተሮቹ ለፍተሻ ሄደዋል፣ የኋለኛው ብረት ላይ ቀለሙ ስንጥቅ አላሳየም። የሮተሩ ጉድጓድ በአንድ ጫፍ 0.19 ሚሜ ሆኗል፣ ስለዚህ የኋለኛው ሮተርና ሃውዚንግ ይለወጣሉ።

ጋሽ_ዋንከል

ሮተሩን ስትገዛ የተመታበትን የክብደት ፊደል ከድሮው ጋር አመሳስል። ካልተመሳሰለ ሻፍቱንና ሚዛን ጠባቂ ክብደቶቹን ይዘህ ባላንስ አስደርግ።